ባለቤቴ በረሃ ላይ አበባ ካልተከልኩ ብላለች… ምን ላድርግ?

ይሄ አምድ የፍቅርና የትዳር ጣጣ የሚራገፍበት ነው። “ከዳችኝ”፣ “ቀረብኝ”፣ “ቤተሰቦቿ አልወደዱኝም” የሚሉ ደብዳቤዎችን ለምደናል። የዛሬው ግን ለየት ይላል። መነሻው አበባ ነው! የጻፈልን ወንድማችን የሚኖረው አሜሪካ፣ ላስ ቬጋስ ከተማ ነው። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

“ውድ እህቴ፣ እኔ የታክሲ ሾፌር ነኝ። የምሠራው ሌሊት ነው። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች 2 ዓመት አለፋት። እሷ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ጠዋት እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። በደንብ የምንተያየው በሳምንት 1 ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የተከራየነው ቤት ትንሽ ጓሮ አለው። እንደመጣች ሰሞን አንድ ሱቅ ውስጥ ክሌማቲስ የሚባል፣ ትልልቅ ሐምራዊ አበባ ያለው ሐረግ አየች። ‘እናቴ አጥር ላይ እንዲህ የሚሳብ ሐረግ አለ’ ብላ በደስታ ገዛችው። በግንቦት ተከለችው። በሐምሌ ቅጠሉ ተቃጥሎ ትምባሆ መሰለ። እኔም ደርቋል ብዬ ነቅዬ ጣልኩት። በዓመቱ ሌላ ገዛች፣ እሱም እንደዚያው ሆነ፣ እሱንም ነቀልኩት። ያን ቀን አለቀሰች። ‘እዚህ አገር ምንም ነገር ሥር አይሰድም፣ እኔም አልሰድም’ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጓሮ አትወጣም። ከእኔም ጋር ወሬዋ አጥሯል። ጓደኞቼ ‘በረሃ ላይ አበባ ምን ይሠራል? ፕላስቲኩን ግዛላትና ተገላገል’ ይሉኛል። ሦስተኛ ልግዛላት ወይስ ነገሩን ላስረሳት? ምን ትመክሪኛለሽ?”

እንግዲህ ወንድሜ፣ የፕላስቲኩን ነገር ከወዲሁ እንተወው። ሰው አበባ ፈልጎ ሲያለቅስ ፕላስቲክ መስጠት፣ ለራበው ሰው የምግብ ፎቶ ማሳየት ነው። መልሴን ባጭሩ ልንገርህ፦ ሦስተኛው ይበቅላል። ግን አሁን አትግዛ፣ ብቻህንም አትግዛ። ለምን እንደሆነ ቀስ ብለን እንየው።

እኔ የአትክልት ምሁር አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር ያነሳሁ ሰው ነኝ። ደብዳቤህ ስለከነከነኝ ግን መጻሕፍት አገላብጬ፣ ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎችን ጠይቄ ነው የምመልስልህ።

ሞኝ አይደለችም!

ባለቤትህ ለምን በግንቦት ተከለች? አስበኸዋል? በአገራችን ችግኝ የሚተከለው ዝናብ ሲመጣ ነው። ግንቦት ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይተከላል፣ የቀረውን ሰማዩ ይጨርሰዋል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛው በክረምት ነው። ላስ ቬጋስ ደግሞ ሞሃቪ የሚባለው በረሃ መሀል ያለች ከተማ ናት። ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ክረምት ብለን ጃንጥላ የምንፈልግበት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ እዚያ እሳቱ የሚነድበት ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024 የከተማዋ ሙቀት 48.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር! እንግዲህ ባለቤትህ የተከለችው በአገሯ ካላንደር ነው። እጇም አልከፋ፣ መሬቱም አልጠላት፣ ወሩ ነው የተሳሳተው።

ገዳዩ ማን ነው?

ሰው ሁሉ የሚያስበው ፀሐይዋ አናቱን መታችው ብሎ ነው። አይደለም። ክሌማቲስ አናቱ ላይ ፀሐይ ይወዳል፣ ካላገኘም በደንብ አያብብም። የማይችለው የሥር ትኩሳት ነው። ሥሩ ቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ይፈልጋል። እዚያ አገር ብዙ ጓሮ ውሃ ለመቆጠብ ሲባል ጠጠር የተነጠፈበት ነው። ጠጠሩ ቀን ሙሉ ይግላል። አጥሩም የብሎኬት ግንብ ሲሆን ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ይተፋዋል። ስለዚህ ምስኪኑ ሐረግ ቀንም ሌሊትም እንደ ዳቦ እየተጋገረ ነው። በጥቁር የፕላስቲክ ማሰሮው እንዳለ ፀሐይ ላይ ከቆየማ ሥሩ ገና ሳይተከል ተቀቅሏል።

ታዲያ መላው ምንድን ነው? እግሩን ጥላ ውስጥ፣ ራሱን ፀሐይ ላይ ማድረግ ነው። ይህችን ያዝልኝ። የቀረው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ቦታው የት ይሁን?

የምዕራቡን ግንብ እርሳው። ከሰዓት በኋላ ያለችው ፀሐይ እዚያ ታቃጥለዋለች። የጠዋት ፀሐይ እስከ 5 ሰዓት የሚያገኝ፣ ከዚያ በኋላ ጥላ የሚሆንለት በምሥራቅ በኩል ያለ ቦታ ምረጥ። ከግንቡ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር አርቀህ ትከለው። በዙሪያው 1 ሜትር ያህል ጠጠሩን ጠርገህ አውጣ። ግንዱ ሥር አጠር ያለ ቁጥቋጦ ነገር ብትተክልለት ለእግሩ ጥላ ይሆነዋል።

ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ግንቡን ከመብሳትህ በፊት አከራይህን ጠይቅ። ካልፈቀደ ራሱን ችሎ የሚቆም የሽቦ መደገፊያ አቁም። ክሌማቲስ እንደ አንዳንድ ሐረግ ግንብ ላይ አይለጠፍም። የቅጠሉ አንገት ነው እንደ ሕፃን ጣት ቀጭን ነገር ፈልጎ የሚጠመጠመው። ስለዚህ ወፍራም ምሰሶ አያዝለትም። ቀጭን ሽቦ ወይም ገመድ ነው የሚስማማው።

“ነገ ቤት ብንቀይርስ?” ትል ይሆናል። እንግዲያው ወርዱም ጥልቀቱም ከ50 ሴንቲ ሜትር የማያንስ፣ ቀለሙ ነጣ ያለ፣ ታቹ የተበሳ ትልቅ ማሰሮ ግዛ። ማሰሮውን ራሱን ጥላ ውስጥ አስቀምጠው። ማሰሮ ከመሬት ይልቅ ቶሎ ስለሚደርቅ ግን ክትትል ይፈልጋል።

መቼና እንዴት ይተከል?

በጥቅምት አጋማሽ ወይም በኅዳር። ሙቀቱ በርዷል፣ አፈሩ ግን ገና ለብ ያለ ነው። ሥሩ ክረምታቸውን ሙሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰዳል። እሳቱ ሲመጣ የሚይዘው ነገር አለው ማለት ነው። ይህ ካመለጣችሁ የካቲት ላይ ሁለተኛ ዕድል አለ። ከሚያዝያ ወዲያ ግን ሱቁ ግማሽ ዋጋ ቢያደርገውም እጅህን ሰብስብ!

ጉድጓዱን ሰፋ አድርገህ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቀት ሰጥተህ ቆፍር። እዚያ አካባቢ ካሊቼ የሚሉት እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ የኖራ ንጣፍ ከአፈሩ ሥር ያጋጥማል። ስለዚህ ከመትከልህ በፊት ጉድጓዱን ውሃ ሙላውና እየው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሰረገ ጥሩ ነው። በማግሥቱም ተኝቶ ካገኘኸው ሌላ ቦታ ፈልግ ወይም ንጣፉን ሰብረህ እለፈው፣ አለዚያ ሥሩ ይበሰብሳል። የበረሃ አፈር ብስባሽ የለውምና ከወጣው አፈር ጋር ኮምፖስት ደባልቅበት።

አሁን ዋናዋ ዘዴ። ችግኙን በማሰሮው ውስጥ ከነበረበት ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገህ ትከለው። ለምን? ከላይ ያለው ግንድ በሙቀትም በበሽታም ቢሞት፣ ከአፈር በታች የቀረው ቡቃያ እንደገና ያቆጠቁጣል። ይህን ነገር ወደ ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

ከዚያ ጉዝጓዝ! ለበዓል ቤት ውስጥ ቄጤማ እንደምንጎዘጉዘው፣ አፈሩን በእንጨት ፍቅፋቂ ወይም በደረቀ ቅጠል ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሸፍነው። ግንዱን ግን እንዳይነካው ትንሽ ፈንጠር አድርገው። ጉዝጓዙ አፈሩን ያቀዘቅዛል፣ ውሃውም ቶሎ እንዳይተን ይይዘዋል። በዓመቱ ሳስቶ ታገኘዋለህ፣ ጨምርበት።

ውሃውስ?

በየቀኑ ጭልፋ ጭልፋ ማርከፍከፍ ትልቁ ጥፋት ነው። የዚያ አገር የቧንቧ ውሃ ጨውና ኖራ ይበዛበታል። ላይ ላዩን ካጠጣኸው ውሃው ተኖ ጨው ሥሩ ላይ ይቀራል። ቀስ ብሎ፣ በጥልቀት፣ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ውሃ ነው የሚሻለው። በመጀመሪያው ዓመት የሙቀት ወራት በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ፣ ሲበርድ ደግሞ አራርቅለት። ጣትህን አፈሩ ውስጥ ሰንቅር። ከታች ደረቅ ከሆነ አጠጣ፣ እርጥብ ከሆነ ተወው። የጠብታ መስኖ ካለህማ ተመችቶሃል።

የከተማውን የውሃ ደንብ እንዳትዘነጋ። የማጠጫ ቀናቱ እንደየወቅቱ ይለያያሉ፣ እሑድ የመስኖ ቧንቧ መክፈት ክልክል ነው። አትናደድባቸው። የላስ ቬጋስ ውሃ አብዛኛው የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ ነው፣ የሚጠራቀምበት ሚድ የሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅም እ.ኤ.አ. በ2022 ከተሞላ ወዲህ ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ ጎድሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በኔቫዳ የወጣው ሕግ ለጌጥ ብቻ በየመንገዱ ዳርና በየድርጅቱ የተነጠፈ ሣር በዚህ ወንዝ ውሃ እንዳይጠጣ እስከ 2026 መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶ የሚከለክል ነው። አንድ ሐረግ የሚፈልገው ባልዲ ውሃ ከሣር ጋር አይወዳደርም። ቢሆንም በቁጠባ ይሁን።

ሌላም ምልክት ልንገርህ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ የውሃ ጥም አይደለም። ኖራ የበዛበት አፈር ብረት ስለከለከለው ነው። ችግኝ መሸጫዎች ለእንዲህ ያለ አፈር የሚሆን የብረት ማዳበሪያ አላቸው። በሐምሌ ግለት ግን ሌላ ማዳበሪያ አትጨምርበት።

የትኛውን እንግዛ?

ሱቅ በር ላይ የሚደረደሩት ሰሃን የሚያካክል አበባ ያላቸው፣ በፀደይ ብቻ የሚያብቡት ለዓይን ያምራሉ፣ ለበረሃ ግን ቀበጥ ናቸው። ቪቲሴላ የሚባለው ወገን ይሻላል። ዘሩ የደቡብ አውሮፓ ስለሆነ ሙቀት አይብስበትም። ከዚህ ወገን ሐምራዊ ከፈለጋችሁ “ፖሊሽ ስፒሪት” የሚባለው አለ፣ ስቴፋን ፍራንቻክ የተባለ ፖላንዳዊ የጀስዊት ማኅበር ወንድም ያዳቀለው ነው። እንግሊዝ አገር በ1860ዎቹ የወጣው “ጃክማኒ”ም ሐምራዊና ጠንካራ ነው። እነዚህ የሚያብቡት በአዲስ እንጨት ላይ ነውና በየዓመቱ በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ከርክሟቸው። አትፍሩ! ይወዱታል።

አሁን ደግሞ ለባለቤትህ የምትነግራት ወሬ። እናቷ አጥር ላይ ያለው ሐረግ አበባው ትናንሽና ነጣ ያለ፣ ፍሬው እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጨፈረር ከሆነ፣ አዞ ሐረግ የምንለው ሳይሆን አይቀርም። አዞ ሐረግ ደግሞ ራሱ ክሌማቲስ ነው! የሳይንስ ስሙ ክሌማቲስ ሲሜንሲስ ነው። ስሙ ከራሳችን ከሰሜን ተራሮች የተወሰደ ነው። የደጋ ልጅ ስለሆነ በረሃ አይወርድም። ግን ዘመድ አለው። ክሌማቲስ ሊጉስቲሲፎሊያ የሚባል፣ ኔቫዳ ውስጥ በየጅረቱና በየሸለቆው ዳር ማንም ሳይተክለው የሚበቅል ሐረግ አለ። እሱም ነጭ አበባ፣ ጢም የመሰለ ፍሬ አለው። ወደ አሪዞናና ቴክሳስ ስትሄድ ደግሞ ክሌማቲስ ድሩሞንዲ በረሃውን ለምዶ ይኖራል። በሁለቱም ጢም የምታወጣው ሴቷ ተክል ብቻ ስለሆነች ስትገዙ ጠይቁ። የአገሬው ተክል የሚሸጡ ችግኝ ቤቶች ዘንድ ፈልጓቸው። እንግዲህ “እዚህ አገር ምንም አይበቅልም” ለሚለው መልሱ ይኸው። የእናቷ አጥር ዘመድ እዚያው በረሃ ውስጥ፣ ያለማንም እርዳታ፣ ሥር ሰዶ እየኖረ ነው።

አትንቀል!

ወንድሜ፣ አሁን ትንሽ ልቆጣህ ነው። በሐምሌ ቅጠሉ የተቃጠለ ክሌማቲስ ሁሉ አልሞተም። ግለቱ ሲበዛ እድገቱን ያቆማል፣ ቅጠሉ ይጠበሳል፣ አበባ ይተዋል። የተኛ ነው። ሥሩን ካቀዘቀዝክለትና ውሃውን ካልተውክ፣ መስከረም ላይ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ዝቅ አድርገህ ትከለው ያልኩህም ለዚህ ነው። ሁለቱ ችግኞች በእርግጥ ሞተው ነበር ወይስ ተኝተው? እሱን አሁን ማወቅ አይቻልም፣ ምክንያቱም ነቅለሃቸዋል። ደግሞስ ባለቤትህን ጠይቀሃት ነበር? ደብዳቤህ ውስጥ “ጠየቅኋት” የሚል ቃል አላገኘሁም። እኔ እንደሚመስለኝ ያን ቀን ያስለቀሳት የአበባው መድረቅ ብቻ አይደለም። የሷን ነገር፣ ሳትጠየቅ፣ ሁለት ጊዜ መነቀሉ ነው።

ስለዚህ ከችግኙ በፊት ይቅርታ ትጠይቃታለህ። “አበባ እገዛልሻለሁ” ብለህ አትጀምር። “ሳልጠይቅሽ ነቀልኩት፣ ጥፋቴ ነው” በል። ከዚያ ስለ ወሩ፣ ስለ ሥሩ፣ ስለ አዞ ሐረግ ንገራት። በጥቅምት በዕረፍት ቀናችሁ አብራችሁ ሂዱና እሷ ትምረጥ። “አልፈልግም” ካለችም አታስገድዳት። እስከ የካቲት ጊዜ አለ።

ሌላ አንድ ነገር ከደብዳቤህ ውስጥ አግኝቻለሁ። አንተ የምትገባው ጠዋት ነው፣ እሷ የምትወጣውም ጠዋት ነው። ክሌማቲስ ውሃ መጠጣት ያለበትስ መቼ መሰለህ? ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳትበረታ! ሩብ ሰዓት ቀደም ብለህ ግባ፣ እሷም ሩብ ሰዓት ቀደም ብላ ትነሳ። ቡናችሁን ይዛችሁ ጓሮ ውጡ። አንዳችሁ ባልዲ ያዙ፣ አንዳችሁ አፈሩን በጣት ለኩ። ወሬው ከዚያ ይመጣል። ባይመጣም ዝም ብሎ አብሮ መቆም ራሱ በሳምንት 1 ቀን ከመተያየት ይሻላል።

ደግሞ በአንድ ዓመት ግንብ ይሸፍናል ብለህ እንዳትጠብቅ። የመጀመሪያው ዓመት ለሥሩ ነው፣ ከላይ ምንም የሚታይ ነገር ላይኖር ይችላል። አበባውን በደንብ የምታዩት በሦስተኛው ዓመት ነው። ባለቤትህም ገና 2 ዓመቷ ነው። እሷም በራሷ በኩል ሥር እየሰደደች ይሆናል፣ ከላይ ባይታይህም። አትቸኩልባት። ዝምታዋና ለቅሶዋ ከሰነበተ፣ ምግብና እንቅልፍ ከከለከላት ግን ነገሩ ከአበባ በላይ ነውና ሐኪም ዘንድ አብረሃት ሂድ። ነውር የለውም።

ለሌሎቻችሁም

የአዲስ አበባ ልጆች፣ “በረሃ የለን፣ ምን አገባን” እንዳትሉ። እህት ወይ ወንድም ላስ ቬጋስ፣ ፊኒክስ ወይም ዱባይ ያላችሁ ይህን ቆርጣችሁ ላኩላቸው። ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ የምዕራብ ግንባችሁን ለቡጋንቪላ ስጡት። እሱ ግለት አይፈራም። አዞ ሐረግ አጥራችሁ ላይ ያላችሁ ተጠንቀቁ። በባሕል ሕክምና ለቁስልና ለቆዳ የሚጠቀሙበት ሰዎች ቢኖሩም፣ የክሌማቲስ ዘር ሁሉ ጥሬ ጭማቂው ቆዳ ያሳክካል፣ ያቆስላልም። ስትከረክሙ ጓንት አድርጉ፣ ሕፃናትና የቤት እንስሳት አፋቸው ውስጥ እንዳያስገቡት ጠብቁ።

ወንድሜ፣ በጥቅምት የሆነውን ጻፍልኝ። በሐምሌ ቅጠሉ ተጠብሶ ስታየው ደግሞ መቀሱን አስቀምጥና ባለቤትህን ጠይቃት።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ደህና ሁኑልኝ!